ዘውድ የደፋው ፉርጎ

የከተማችን ታሪክ በክብር የሚጻፍበት ቀን ከመጣ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚጀምረው «ጭነትን ከመንገድ ወደ ሐዲድ የማዛወር ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት» ከተከፈተባት ከዚያች የኅዳር ማክሰኞ እንደሚሆን አንጠራጠርም። ከዚያ በፊት እኛ የፑንጃብ ገበሬዎች ኪኖ የሚባለውን መንደሪናችንን በጭነት መኪና ካራቺ ስንልክ፣ ፍሬውም በደህና ደርሶ ሲበላ፣ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር። ለካ በድንቁርና ውስጥ ነበርን። ይህን ያስረዱን ዘንድ ከላሆር ድረስ ሰዎች ተላኩልን።

ጽሕፈት ቤቱ የተቋቋመው በባቡር ጣቢያው ግቢ ነው። ጠረጴዛው፣ ወንበሮቹ፣ የብረት መደርደሪያውና ግድግዳ የሚያህለው የሐዲድ ካርታ የመጡት በጭነት መኪና ነበር፤ ሆኖም ይህ «የሽግግር ወቅት ክስተት» መሆኑ በቃለ ጉባኤ ስለተያዘ ማንም አልሳቀም። በኃላፊነት የተሾመው የራሳችን ልጅ ቱፈይል አህመድ ነው። አባቱ አርባ ዓመት መሪ ጨብጠው የኖሩ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ቱፈይልን ያሳደገው መኪና ነው፣ ያስተማረው መኪና ነው፤ እንግዲህ የመኪናን ጉዳት ከእሱ የበለጠ ማን ሊመሰክር ይችላል? እሱ ራሱ ጠዋት ጠዋት ክራቫቱን ሲያስር፣ «የሾፌር ልጅ፣ መኪና አጥፊ!» እያለ በራሱ ይስቃል። መሳቁ ግን ክራቫቱን አስፈትቶት አያውቅም።

የተሰጠው ግዳጅ አጭር ነበር። እስከ ጥር አሥራ ስምንት ድረስ አንድ ፉርጎ ሙሉ ኪኖ በሐዲድ ካራቺ ይደርሳል፤ እዚያም ክቡር ሚኒስትሩ ራሳቸው በማርሽ ባንድ ይቀበሉታል። ፉርጎው ተላከና የጣቢያው ሦስተኛ መስመር ላይ ቆመ። ቱፈይልም ባለ እርሻዎቹን ሁሉ ጠርቶ አሳያቸው።

ገበሬዎቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ፉርጎውን ዞሩት። በእኛ አገር የጭነት መኪና ግንባሩ ላይ ዘውድ ይደፋል፤ ጎኑ ላይ ጣዎስ፣ ጽጌረዳና ክንፍ ያለው ፈረስ ይሣልበታል፤ ከሥሩ የተንጠለጠለው የሰንሰለት ሻኩራ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ይሰማል። ባለመኪናው ለራሱ ጫማ ሳይገዛ ለመኪናው ቀለም ይገዛል። እኛም ለመኪናው እንዲህ የሚሳሳ ሰው ለፍሬያችንም ይሳሳል ብለን ነው የምናምነው። ይህ ፉርጎ ግን የዛገ ብረት ብቻ ነበር፤ ጎኑ ላይ ከቁጥር በቀር ምንም የለበትም።

የከተማው ትልቁ ባለ እርሻ ቻውድሪ ኔማት በከዘራቸው ቆረቆሩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፉርጎ ነው ቻውድሪ ሳሂብ» አለ ቱፈይል።

«ፉርጎነቱንማ አየሁት። ባለቤት የለውም ወይ?»

«የመንግሥት ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ? ባለቤት የለውም ማለት ነው። አንድ አበባ ማሣል ያቃተው ሰው ለኔ ፍሬ ሊያዝን? ራቁቱን እኮ ነው ያቆማችሁት! ዘውዱስ የታል?»

«ባቡር ዘውድ የለውም።»

«እንግዲያው ያወጣ ዕለት ጥሩኝ» አሉና ሄዱ። የቀሩትም ተከተሏቸው።

ቱፈይል የዚያኑ ቀን ወደ ላሆር ደብዳቤ ጻፈ። መልሱ በሰባተኛው ቀን መጣ። «የፉርጎውን ገጽታ ከአካባቢው ማኅበረሰብ የውበት ፍላጎት ጋር የማጣጣም ንዑስ ፕሮጀክት» ጸድቋል ይላል። ከሥሩ በቀይ ቀለም አንድ መመሪያ ታክሎበታል፦ በዘውዱ መካከል የክቡር ሚኒስትሩ ሟች አባት፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ምስላቸው ይሣል። ሰውየው በሕይወት ዘመናቸው ባቡር የተሳፈሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ሲሰለቻቸው መንገድ ላይ ወርደዋል ይባላል። ነገር ግን የሐዲድ ወዳጅ ነበሩ።

መኪና በማስጌጥ በአውራጃው የታወቀው ሰዓሊ ኡስታድ ሐያት ተጠራ። ቆርቆሮውን፣ ብየዳውንና ቀለሙን ይዞ መጣና ፉርጎውን ከላይ እስከ ታች አየው።

«የዘውዱ ቁመት ስንት ይሁን?»

ይህ ከባድ ጥያቄ ስለነበር ስብሰባ ተጠራበት። ስብሰባውም ከሁለት ሰዓት ውይይት በኋላ «የክቡር ሚኒስትሩን አባት ክብር በሚመጥን ቁመት» ሲል ወሰነ። ኡስታድ ሐያት ይህን በሜትር ይተርጉሙልኝ ብሎ አልጠየቀም፤ አርቲስት ነውና ገባው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ፉርጎው ተገለጠ። እግዜር ያሳያችሁ! ጣዎሱ ጭራውን ዘርግቷል፣ ፈረሱ ደመና ላይ ይጋልባል፣ ሻኩራው ይንሿሿል። ከሁሉ በላይ ዘውዱ በመስታወት ፍንካች እያብለጨለጨ ቆሟል፤ ከመካከሉ ነጭ ጢማቸው የተበጠረ ሽማግሌ ወደ ታች ይመለከታሉ። ከተማው በሙሉ ወጥቶ አደነቀ። ቻውድሪ ኔማት እንኳ፣ «አሁን ሰው መሰለ» አሉ። ሆኖም የመጀመሪያውን ጭነት ማን ይጫን ሲባል፣ ሁሉም በትሕትና ለጎረቤቱ ዕድሉን ሰጠ።

የቀረችው የቱፈይል ታላቅ እህት ኩልሱም ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ትንሿን የኪኖ እርሻ ብቻዋን ነው የያዘችው። እርሻዋ የቻውድሪ ኔማትን መሬት ከሁለት ይከፍለዋል፤ ስለዚህ ቻውድሪው ባሏን ከቀበሩበት ቀን ጀምሮ በየበዓሉ ጣፋጭ እየላኩ «አይክበድሽ፣ እኔ ልያዝልሽ» ይሏታል። ቱፈይል ቤቷ ሄደ።

«ባጂ፣ እህቴ፣ አንቺ ካልጫንሽልኝ ማን ይጭንልኛል?»

«ላላ ሰይፉላህ በመኪናቸው አሥራ አንድ ዓመት ጭነውልኛል። አንዲት ፍሬ አላበላሹብኝም።»

«እሳቸው መንገድ ናቸው። ይሄ የወደፊቱ ነው።»

«የወደፊቱ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሁለት ቀን።»

«ቱፋ፣ የዘንድሮው ፍሬ ከተበላሸ እርሻው ወደ ቻውድሪው መሄዱ ነው። ሌላ የምይዘው ነገር የለኝም። ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ዓይኔን እያየህ በለኝ።»

«በእኔ ይሁንብሽ አልኩሽ እኮ ባጂ!» አለ ቱፈይል። ዓይኗን ግን አላየም፤ ያየው በመስኮቷ በኩል ብርቱካናማ ሆኖ የሚታየውን ዛፍ ነበር።

ጥር አሥራ አንድ ቀን የቱፈይል የበላይ የሆኑት ዋና ዳይሬክተር ከላሆር በመኪና መጡ። ከበሮ ተመታ። የኩልሱም ሳጥኖች ሁሉ ፉርጎው ውስጥ ገቡ። ዋና ዳይሬክተሩ በሩን በገዛ እጃቸው በቀይ ሰም አሸጉና፣ ይህ ማኅተም ካራቺ ላይ በክቡር ሚኒስትሩ እጅ ካልሆነ በቀር እንዳይነካ አዘዙ። ከዚያ መድረክ ላይ ወጥተው፣ «ከዛሬ ጀምሮ መንገድ ጡረታ ወጣ!» አሉ። አጨበጨብን። አጨብጭቡ ሳንባል ነው ያጨበጨብነው፤ ይህ ይመዝገብልን።

ጎታቹ ባቡር ጮኸ፣ ፉርጎው ተንቀሳቀሰ፣ ሻኩራው ተንሿሿ። አርባ እርምጃ ያህል ሄደ። ከዚያ ጣቢያውን የሚሻገረው አሮጌው የእግረኛ ድልድይ ሥር ሲደርስ «ጓ!» ብሎ ቆመ።

«ምን ሆነ?» አለ ቱፈይል ሮጦ ደርሶ።

«ድልድዩ ከለከለው» አለ የጣቢያው ሹም።

«አልለካችሁትም?»

«ለክተነዋል እንጂ። ገና እንደመጣ ለክተን፣ ያልፋል ብለን ፈርመንበታል።»

«ዘውዱንስ?»

«ዘውዱ እኮ የኛ አይደለም ሳሂብ። የእናንተ ንዑስ ፕሮጀክት ነው።»

ሲለካ ዘውዱ ከድልድዩ በአንድ ክንድ በልጦ ተገኘ። ዋና ዳይሬክተሩ መጡና፣ «ታዲያ ምን ታፈጣላችሁ? ይቆረጣ!» አሉ። ይህን ብለው ቀና ሲሉ የድልድዩ ጠርዝ ያረፈበትን ቦታ አዩ። ልክ የሽማግሌው አንገት ላይ ነበር።

«ማነው ይቆረጥ ያለው?» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ ዞር ዞር እያሉ።

ማንም እኔ ነኝ አላለም።

«ተነቅሎ በኋላ አይመለስም?» ብሎ ቱፈይል ኡስታድ ሐያትን ጠየቀው።

«ከጣራው ጋር አንድ አድርጌ ነው የበየድኩት» አለ ሐያት ደረቱን ነፍቶ። «ፉርጎው ያልቃል እንጂ እሱ አያልቅም።»

ፉርጎው ወደ ኋላ ተጎተተና ስብሰባ ተቀመጥን። በመጀመሪያው ቀን ድልድዩ ከፍ ይበል የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ድልድዩ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ስላለው የቅርስ ክፍል ፈቃድ ያስፈልገዋል ተባለ። በሁለተኛው ቀን ሐዲዱ ዝቅ ይበል የሚል ቀረበ፤ እሱም እንዲጠና ኮሚቴ ተመረጠለት። ፍሬውን አውጥተን በሌላ እንላከው የሚል ሐሳብ ያቀረበ አልነበረም፤ ምክንያቱም በሩ ታሽጓል።

ኩልሱም በየቀኑ እየመጣች በፉርጎው የአየር መግቢያ ቀዳዳ አፍንጫዋን አስጠግታ ታሸታለች። በሦስተኛው ቀን ወደ ቱፈይል ቢሮ ገባች።

«ቱፋ፣ ሽታው መጣፈጥ ጀምሯል።»

«ኪኖ አይደል ባጂ? ይጣፍጣል።»

«አትቀልድ። ይሄ የመበስበስ ጣፋጭነት ነው። ክፈትልኝ።»

«መክፈት አልችልም።»

«አንተ አይደለህ እንዴ ኃላፊው?»

ቱፈይል ይህን ጥያቄ ለራሱም አቅርቦት ያውቃል። ከሄደች በኋላ ካርታው ሥር ተቀምጦ አፈረ፤ ጆሮው እስኪግል ድረስ አፈረ። ቀይ ሰም ለመስበር የሚያስፈልገው አንድ ጥፍር ብቻ ነው። አሥር ጥፍር አለው። አንዱም አልታዘዘውም። ስለዚህ በአሥሩም ጣቶቹ ስልክ አንሥቶ ላሆር ደወለ።

«ፉርጎው በአሥራ ስምንት ካራቺ መገኘት አለበት» አሉት ዋና ዳይሬክተሩ። «እንዴት የሚለው የአፈጻጸም ዝርዝር ነው። እኔ የፖሊሲ ሰው ነኝ።»

ላላ ሰይፉላህን ሻይ ቤቱ በር ላይ በገመድ አልጋ ተቀምጠው አገኛቸው። የአባቱ የመንገድ ጓደኛ ነበሩ።

«ላላ፣ አንድ ጭነት ነበረኝ።»

«መንገድ ጡረታ ወጥቷል ሲሉ ሰማሁ?»

«ለአንድ ጉዞ ይመለስልኝ።»

«ምንድን ነው ጭነቱ?»

«ፉርጎ።»

«ምን የያዘ?»

«የባጂን ኪኖ የያዘ።»

«እሱንማ አምጣው። የኔው ጭነት አይደል?»

«ኪኖውን ብቻ አይሆንም። ታሽጓል። የሚጫነው ፉርጎው ራሱ ነው።»

ላላ ሰይፉላህ የሻይ ስኒውን አስቀመጡ። በመኪና ጎሽ ጭነዋል፣ የሙሽራ አልጋ ጭነዋል፣ አንድ ጊዜም የሰርከስ ዝሆን ጭነዋል። ባቡር ጫን ያላቸው ግን አልነበረም።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «አባትህ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ደግ ነው።»

«እኔም መንገዱን ሁሉ ይህንኑ እያልኩ ነው የመጣሁት።»

«ላንተ ብዬ አይደለም። ለኩልሱም ስል ነው» ብለው ተነሡ።

ላላ ሰይፉላህ ሎቤድ የሚባለውን ዝቅ ያለ ረጅም ተሳቢ ከወዳጃቸው ተውሰው መጡ። ክሬን ፉርጎውን ከጎማው ላይ አንሥቶ ሎቤዱ ላይ አስተኛው። ፉርጎው ካራቺ ሲደርስ በሐዲድ ላይ መታየት ስላለበት የብረት ጎማዎቹ በሌላ መኪና ተጫኑ። በዚህ ዓይነት ዱሮ በአንድ መኪና ይሄድ የነበረው የኩልሱም ፍሬ በሁለት መኪና ጉዞ ጀመረ። ቱፈይል በዕለቱ ሪፖርት ላይ «ጥምር የማጓጓዣ ዘዴ» ብሎ ጻፈ። ጽፎ ሲያነበው ራሱንም ሊያሳምነው ምንም አልቀረውም።

«መንገድ ላይስ ድልድይ የለም?» ብሎ ጠየቀ ከላላ ጎን ተቀምጦ።

«አለ እንጂ። ግን እኛ ዘውድ ለብሰን ስንኖር ስንት ዓመታችን ነው? የቱ ድልድይ ሥር እንደሚታለፍ፣ የቱ በገጠር መገንጠያ እንደሚዞር በቃሌ ነው የማውቀው። ይልቅ ክራቫትህን ፍታ፤ ሰው ይስቅብናል።»

«በክራቫቱ ነው የሚስቁብን ላላ?»

ሽማግሌው እየሳቁ ማርሽ ቀየሩ። በሁለተኛው ቀን አንድ ሐዲድ መሻገሪያ ላይ መዝጊያ ብረቱ ወርዶባቸው ቆሙ። የጭነት ባቡር መጣ። ፉርጎዎቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ። የባቡሩ ነጂ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ መኪና ላይ ተቀምጦ ባቡር የሚያሳልፈውን ባለ ዘውድ ፉርጎ እያየ፣ እስኪሰወር ድረስ አንገቱን አልመለሰም። ቱፈይል ከመቀመጫው ተንሸራቶ እግሩ ሥር የወደቀ ነገር የሚፈልግ መሰለ።

ካራቺ አጠገብ፣ ከዚያ እስከ መቀበያው ድረስ ድልድይ የሌለበት አሮጌ የሐዲድ ቅጥያ ነበር። ፉርጎው ጎማው ተመለሰለትና ባቡር ጎተተው። ሦስት መቶ እርምጃ በሐዲድ ተጉዞ ማርሽ ባንዱ ፊት ደረሰ።

ክቡር ሚኒስትሩ ቀና ብለው አባታቸውን ሲያዩ እንባቸው መጣ። ሰሙን ሰበሩ። ከብረቱ ግድግዳ ጋር በተጠጉት ሳጥኖች ያለው ፍሬ በስብሷል፤ የቀረው ግን ደህና ነበር፤ አብዛኛው ደህና ነበር። ቱፈይል ወደ ጎን ሄዶ ስልክ ደወለ።

«ባጂ፣ ደርሷል! እርሻሽ አልሄደም!»

«አልሐምዱሊላህ! በምን ደረሰ?»

«ብቻ... ደርሷል።»

ክቡር ሚኒስትሩ አንድ ኪኖ ልጠው በሉና፣ «ስንት ቀን ፈጀ?» ብለው ጠየቁ።

«መንገድ ላይ የቆየው ሁለት ቀን ተኩል ነው» አለ ቱፈይል። ይህ ቃል በቃል እውነት ነበር።

«ስምንት ቀን የሚፈጀው ባቡራችን በሁለት ቀን ተኩል!» አሉ ሚኒስትሩ ወደ ጋዜጠኞቹ ዞረው። «እንግዲህ ምን እንጠብቃለን? ከሚመጣው ወቅት ጀምሮ ከዚያ ከተማ ኪኖ የሚወጣው በፉርጎ ብቻ ይሆናል። እያንዳንዱም ፉርጎ ልክ እንደዚህኛው ይዋብ፤ ዘውዱ ሳይቀር!»

ቱፈይል አፉን ከፈተ። ዋና ዳይሬክተሩ በጫማቸው እግሩን ረገጡት። እውነቱን ለመናገር ባይረገጥም ዝም ይል ነበር፤ ምክንያቱም በዚያው ቅጽበት ደረቱ ላይ ሜዳሊያ እየተሰካለት ነበር፣ በመርፌ ፊት ደግሞ ሰው አይንቀሳቀስም።

በሚቀጥለው ወቅት አርባ ባለ ዘውድ ፉርጎዎች መጡልን። አንዱም በድልድዩ ሥር አላለፈም። ሁሉም ሎቤድ ላይ እየወጡ ሄዱ፤ ጎማቸውም ከኋላ ከኋላቸው ተከተለ። ቻውድሪ ኔማት ግን ክረምቱን ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም። በአውራጃው ያለውን ሎቤድ ሁሉ ጠራርገው የራሳቸው አድርገው ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያ የእሳቸው ፍሬ ይጫናል፣ ከዚያ የወንድሞቻቸው፣ ከዚያ የአማቾቻቸው። የኩልሱም ተራ መጋቢት ላይ ነበር፤ ኪኖ ግን በየካቲት ይረግፋል። ላላ ሰይፉላህ በለመዱት መኪና ፍሬዋን እንዳይጭኑላት ትእዛዙ ይከለክላል፤ እሳቸው አሁን የባቡር ጎማ ነው የሚጭኑት። ቱፈይል ለእህቱ ቅድሚያ እንዲሰጣት ወደ ላሆር አራት ደብዳቤ ጻፈ። አራቱም በሂደት ላይ ናቸው። ፍሬው መርገፍ ሲጀምር ኩልሱም ለቻውድሪው «ይያዙልኝ» አለቻቸው።

ከመንገድ ወደ ሐዲድ የተዛወረው የከተማችን ጭነት በዚያ ወር መቶ በመቶ ደረሰ።

እያንዳንዱ ፉርጎ ከመውጣቱ በፊት ቱፈይል በመሸኛው ላይ መፈረም ነበረበት። አንድ ጠዋት ላኪው ቻውድሪ ኔማት፣ ፍሬው የተለቀመበት ቦታ ደግሞ የኩልሱም እርሻ የሚል ወረቀት ፊቱ ተቀመጠ። ቀና አለ። ያስቀመጠችው ኩልሱም ነበረች። ቻውድሪው በገዛ እርሻዋ የለቃሚዎች አለቃ አድርገው ቀጥረዋታል። እጇ በልጣጭ ዘይት ቢጫ ሆኗል፤ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍናለች።

«ሳሂብ፣ ይፈርሙልን» አለችው። «መኪናው ቆሞ እየጠበቀን ነው።»

በዕድሜዋ ሳሂብ፣ ጌታዬ፣ ብላው አታውቅም። ቱፈይል ሊላት የሚገባው ብዙ ነገር ነበር። አፉን ሲከፍት ግን የወጣው ሌላ ሆነ።

«ፉርጎው ነው ባጂ» አለ። «መኪና አይባልም።»

«ይቅርታ ሳሂብ» አለች ኩልሱም። «ፉርጎው ቆሞ እየጠበቀን ነው።»

ፈረመላት።